በሁዳዴ ሥጋ የተላክሁበት ዓመት

ባለፈው ወር ለሥራ አርባ ምንጭ ወርጄ ከባልደረቦቼ ጋር ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አንድ ሥጋ ቤት ገባን። ገና በሩን ስናልፍ የትኩስ ሥጋው ሽታ ተቀበለን፤ ያ ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ሽታ። ሌላው ሰው ምራቁን ዋጠ። እኔ ግን እጄን አየሁ፣ ደም የነካው መስሎኝ። እነሱ ጥሬ ሲያዙ እኔ ለስላሳ ብቻ አዘዝኩና «ጾም የለ ምን የለ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ምን ልበላቸው? በዘጠኝ ዓመቴ፣ ያውም በሁዳዴ፣ ለሁለት ትንንሽ ውሾች ጥሬ ሥጋ ስከትፍ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

ያኔ ቤታችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነበር። እናቴ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ እስክትመጣ የምቆየው ከአጥር ጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጋር ነው። እትዬ አስካለ የጎጃም ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሼ ታደለ የእንስሳት ሐኪም ሆነው ወደ አርባ ምንጭ ሲመደቡ አብረው መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት እዚያው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ጋሼ ታደለ ሞቱ። ለእትዬ የቀሩላቸው ቤቱ፣ ሁለት ነጫጭ ውሾችና አንድ ወረቀት ናቸው።

ውሾቹ ሎሚና ቡቺ ይባላሉ። ሎሚ ሴት ናት፣ ቡቺ ወንድ። ጋሼ ታደለ ከአዲስ አበባ ነው ያመጧቸው፤ ከሰፈራችን ውሾች ጋር ምንም አይገናኙም። እግራቸው አጭር ነው፤ ጸጉራቸው ዓይናቸውን ሸፍኗል፤ ሁለቱም አንድ የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ሲጮኹ እንኳ ያስነጠሳቸው ነው የሚመስለው። ሰው ሊነክሱ ቀርቶ ዶሮ ስትመጣባቸው መንገድ ይለቁ ነበር።

ወረቀቱ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ጋሼ ታደለ ታመው በተኙበት ሰሞን በእጃቸው የጻፉት ነው፤ ፊደሉ ወደ ታች እያዘነበለ ይሄዳል። በቃሌ ይዤው ነበር። ሎሚ ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ ግማሽ እፍኝ። ቡቺ ሆዳም ነውና ቢለምንም አይጨመርለት። ሥጋው ጥሬ ይሁን። በረዶ ቤት ቀናት ሳይቆይ እንዳይሰጥ፤ ትል ይኖረው ይሆናል። ቅዳሜ ጉበት፣ ትንሽ። የዶሮ አንገት ጥሬውን ይቻላል፤ የተቀቀለ አጥንት ግን በፍጹም፣ አንጀት ይቀዳል። ሽሮና ቅመም ያለበት ወጥ አይቅመሱ። ከዚህ ሌላ ስለ ቤቱም ስለ ቀብሩም አንድ ቃል የለበትም። እትዬ አስካለ ግን ወረቀቱን «ኑዛዜው» ነበር የሚሉት። «የሟች ቃል አይሻርም» ይላሉ፣ ሥጋውን ከበረዶ ቤት እያወጡ።

እጃቸውን ሪህ ይዟቸው ቢላ መጨበጥ ስላቃታቸው መክተፉ የእኔ ሥራ ሆነ። በረዶው ሲለቅ ሥጋው ጣቴን ያደነዝዘዋል። ጅማቱን በጥርሴ ብጎትተው ደስ ይለኝ ነበር፤ አይፈቀድም። ከባቄላ ፍሬ ሳይበልጥ ከትፌ በሁለት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን አደርግላቸዋለሁ። ሎሚ አንድ አንዱን እየመረጠች ትበላለች። ቡቺ አላምጦ ስለ መብላቱ እጠራጠራለሁ።

በዚያ ግቢ አባባ አንጁሎ የሚባሉ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት የሚቀላቅል የዶርዜ ሰውም ነበሩ። ሸማኔ ናቸው፤ ቀን በረንዳው ጥግ ሸማቸውን ይሠራሉ፣ ቤቱንም ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ውሾቹ ሲበሉ እጃቸውን ከሥራው አንስተው አተኩረው አዩ።

«ይሄ ውሻ ሽማግሌ ናት እንዴ?» አሉኝ።

«ለምን አባባ?»

«እኛ አገር ለመስቀል በሬ እንጥላለን። ጥሬ ሥጋ ሲመጣ መጀመሪያ ለሽማግሌ ነው። ልጅ ቆማ ታያለች። ይቺ ውሻ ግን ቁጭ ብሎ ትበላለች!»

እሳቸው ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን የምር ወሰድኩት። ብዙ ነገር ተገለጠልኝ፤ ነጭ ጸጉራቸው፣ አካሄዳቸው፣ ቀኑን ሙሉ መተኛታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሾቹን አንቱ ማለት ጀመርኩ። «ይብሉ እንጂ» እላለሁ ሳህኑን በሁለት እጄ እያቀረብኩ። ቡቺ የሎሚን ሊነጥቅ ሲል «ኧረ ይተዉ፣ ነውር ነው» እለዋለሁ። እትዬ አስካለ ሰምተውኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከጋሼ ታደለ ቀብር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልገባኝም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘጋ። እትዬ አስካለ ለጾሙ የሚበቃ ሥጋ ለውሾቹ አስቀምጠው ነበር፤ ነገር ግን መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ያ ሁሉ ሸተተና አባባ አንጁሎ ቀበሩት። ሽሮ ሞከርን። ሎሚ አሽትታ ጥላው ሄደች። ቡቺ ላሰ ላሰና ምንጣፉ ላይ አስመለሰው። በሦስተኛው ቀን ሎሚ ከቅርጫቷ አልነሳም አለች። እትዬ ወረቀቱ ፊት ቆመው «ታደለ፣ ሁዳዴን እኮ ረሳኸው» አሉ፤ ፊታቸው እንደ ቆመ ሰው ነበር የሚያናግሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲቀላ ከድር ጋ ትሄጃለሽ።»

ጋሼ ከድር የሙስሊም ሥጋ ቤት ባለቤት ናቸው።

«ለማን ነው ካለሽ ለእትዬ በይ። ውሸት አይደለም፣ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ለውሻ ነው እንዳትይ። ሰውየው ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን ለውሻ ወሰዱብኝ ብሎ ይከፋዋል። ለሰፈር ሰውም ትንፍሽ እንዳትይ፤ ሰው በተራበበት ዓመት ለውሻ ሥጋ ትገዛለች ይሉኛል።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ፣ ከቆላው በኩል ልጅ ያዘሉ ሴቶች በየበሩ ይመጡ ነበር። አንዷ የመጣች ቀን እኔ ማዕድ ቤት ሥጋ እየከተፍኩ ነው። እትዬ በሩን ዘጉብኝና ለሴትዮዋ ዳቦና የሽምብራ ቆሎ ሰጧት። ሲመለሱ «እትዬ፣ ከሥጋው ለምን አልሰጠናትም?» አልኳቸው።

«ጾም ነዋ!»

«ለእነ ሎሚስ?»

«ውሻ ጾም የለውም።»

ትንሽ አሰብኩ። «ልጇስ? ሕፃን ይጾማል?»

እትዬ ቢላውን ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ «ክተፊ» ብቻ አሉኝ። እኔም ከተፍኩ። ሽማግሌ ስለሆኑ ነው የሚበሉት ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን እትዬ አስካለም ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸው ይጾማሉ። ግራ ገባኝ። ያን ዓመት ያልገባኝን ብቆጥር አይዘለቅም።

ጋሼ ከድር በመጀመሪያው ቀን «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለእትዬ አስካለ።»

«የዶክተሩ ባለቤት?» ቢላቸውን አስቀመጡ። «በጾማቸው? እንግዲህ ሐኪም አዟቸው ይሆናል። ከሐዘን በኋላ ደም ያንሳል። አላህ ያሽራቸው።» አሉና ለበሽተኛ የሚሆን ብለው ስብና ጅማቱን አጽድተው ለስላሳውን መረጡልኝ። ሎሚና ቡቺ በዕድሜያቸው እንደዚያ ያለ ሥጋ በልተው አያውቁም። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በታክሲ ሲቀላ ወርጄ ወደ ሴቻ እወጣ ነበር። ጋሼ ከድር በሄድኩ ቁጥር «ተሻላቸው?» ይላሉ። «ተሻላቸው፣ ትናንት ሮጡ» አልኳቸው አንድ ቀን፣ እነ ሎሚን አስቤ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የተበላሸው። እትዬ አስካለ የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። አሥራ ሁለት ሴቶች በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ባለተራዋ ጽዋውን ካለፈው ወር ተቀብላ ቤቷ ታቆየዋለች። የመጋቢቱ፣ ማለትም ትልቁ፣ የእትዬ ተራ ነበር። ጋሼ ታደለ ከሞቱ ወዲህ ሰው ወደ ቤታቸው ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ጠላው ተጠንስሷል፤ ወንበር ከእኛ ቤት ሳይቀር ተሰብስቧል። «ቤቴ እንደገና ሰው ሊገባበት ነው» ይሉ ነበር፣ ለእናቴም ለእኔም ለአባባ አንጁሎም እየደጋገሙ። ሌላ ነገር አያወሩም ነበር።

ያን ቀን ሥጋውን ይዤ ታክሲ ውስጥ ስገባ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ሆኑ፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ። ፌስታሉን እግሬ ሥር ደበቅሁት። ዳገቱን ስንጀምር ግን አንድ ነገር እግሬን አረጠበኝ። እትዬ ዘነበችም ነጭ ጫማቸውን አዩ። ቀይ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ሥጋ ነው።»

«በሁዳዴ? ከየት አመጣሽው?»

«ከጋሼ ከድር።»

«በስመ አብ! ማን ሊበላው?»

እዚህ ላይ አሰብኩ፤ ሳላስብ አልተናገርኩም። ለውሻ ነው ብል እትዬ እንዳትይ ያሉኝን አልኩ ማለት ነው፤ ሰው በተራበበት ዓመት ለውሻ ሥጋ የገዛች ይባላሉ። ሥጋ የበላ ሰው ግን ያው የበላ ሰው ነው፤ የእኔ አጎት በጾም ሲበላ እናቴ ተቆጥታ ትተወዋለች። ከሁለቱ ጥፋቶች ትንሹን መረጥኩ።

«እትዬ አስካለ ናቸው የሚበሉት» አልኩ። «ጥሬውን።»

እትዬ ዘነበች አማተቡ። እስከ ሴቻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ምስጢር ጠባቂ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ለእትዬ አስካለም አልነገርኳቸውም፤ ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ ማውራትም ምስጢር ማውጣት መስሎኝ ነበር።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ቅዳሜ ነበር። እትዬ አስካለ በማለዳ ጥቁር ልብሳቸውን በነጭ ለወጡ። ድፎው ሳይቆረስ ሙሉውን ተቀምጧል፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እኔ ውሾቹን ማዕድ ቤት ዘግቼባቸው ብርጭቆ እወለውላለሁ። ከቅዳሴ መልስ ብለን ስንጠብቅ እትዬ ዘነበች ብቻቸውን መጡ። ከበሩ አላለፉም።

«ምነው ዘኒ፣ ሌሎቹስ? ግቢ እንጂ።»

«ማኅበሩ እኔ ቤት ይሁን ተባብለናል። ጽዋውን ይስጡኝ።»

እትዬ አስካለ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ የተዘጋውን የማዕድ ቤት በር አዩ። ቡቺ ከውስጥ በሩን ይቧጥጣል።

«ሰማችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰማን።»

«እውነታችሁን ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ነውር ሠርቻለሁ። እኔም ብሆን ይህን ያደረገች ሴት ቤት ገብቼ አልጠጣም።»

ጽዋውን በጨርቁ እንደተሸፈነ አንስተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እትዬ ዘነበችም ጥፋቱን ስላመኑላቸው ነው መሰል ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሄዱ። እኔ ብርጭቆ ይዤ መሐላቸው ቆሜ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ውሾቹ የተሰማ መስሏቸዋል፤ እትዬ ዘነበች ግን ስለ ውሾቹ አያውቁም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር በቂ ነበር። ግን የትኛው ቃል? ለውሾቹ ነው ካልኩ እትዬ ያሉት ነውር ይወጣል። ዝም ካልኩ ደግሞ ማኅበሩ ይቀርባቸዋል። ብርጭቆውን መወልወል ቀጠልኩ።

እትዬ አስካለ ማዕድ ቤት ገብተው ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ለማንሳት ሞከሩ። ፕላስተሩ እምቢ አላቸው፤ ጣታቸው አይታዘዝም። «አንጁሎ፣ ነገ ውሾቹን ወደ አገርህ ይዘህልኝ ውጣ። ለማንም ስጥ» አሉ። አባባ አንጁሎ «ዶርዜ ብርድ ነው፣ እትዬ። ይሄ ሽማግሌ ትሞታለች» አሏቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሮጬ ወደ ቤታችን ሄድኩና ለእናቴ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ታክሲውን፣ ደሙን፣ ጥሬውን ያልኩትን።

እናቴ ያጠበችውን ልብስ ከእጇ ጣለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጠዋት አፍሽ የት ነበር?» ብላ ክንዴን ይዛ እትዬ ዘነበች ቤት ወሰደችኝ። አሥራ አንዱም ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የማኅበሩ ቄስ መምሬ ወልዴም አሉ። እናቴ መሐል አቁማኝ «ተናገሪ» አለችኝ። ተናገርኩ። ለውሾቹ ነው፣ እሳቸው አልበሉም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። መምሬ ወልዴ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ጽዋውን ያዙ፣ እንሂድ» አሉ።

እትዬ አስካለ ያን ሁሉ ሰው በራቸው ላይ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መምሬ የተባለባቸውን ነገሯቸው። እሳቸው ወደ ማዕድ ቤቱ ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ነይ፣ ክተፊ» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ ፊት ከተፍኩ። ሳህኖቹን አስቀመጥኩ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት «ይብሉ» አልኩ። ሎሚና ቡቺ በሉ።

«ይሄማ ይብሳል!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሰው በተራበበት!»

«አዎ ይብሳል» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔ የሠራሁት ይሄንን ነው። ጽዋውን የምትወስዱብኝ ከሆነ በዚህ ውሰዱት። ባልሠራሁት ግን አትውሰዱብኝ።»

መምሬ ወልዴ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ። ሲያነቡ ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ዜማ ይሄድባቸዋል፤ «ቡቺ ሆዳም ነውና ቢለምንም አይጨመርለት» ሲሉ አንዷ ሴት ሳቅ አመለጣት፤ ቃሉ ራሱ የጋሼ ታደለን አነጋገር ይመስል ነበርና። ሳቋ ግን ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ሌሎቹም ተከተሏት። መምሬ አንብበው ሲጨርሱ «ውሻ ጾም የለውም» አሉ። «ስለ ረሃቡ ከሆነ፣ ዛሬ ከዚህ ድግስ ግማሹ በር ላይ ለቆሙት ይውጣ፤ ስለዚያ የሁላችንም ቤት ይጠየቃል። ያልበላችውን በላች ያላችሁ ደግሞ ስግደት አለባችሁ። እኔም አለብኝ፣ ሰምቼ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።»

ማኅበሩ እዚያው ተጠጣ። ድፎው ተቆረሰ፤ ግማሹን አባባ አንጁሎና እናቴ ለበር ሰዎች አወጡ። እትዬ ዘነበች እትዬ አስካለን ጉልበታቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ፤ እሳቸውም አንስተው ሳሟቸው። ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እትዬ አስካለ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ።

«ያን ቀን ታክሲ ውስጥ» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «ስትነግሪያት ዘነበች ምን አለችሽ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«‹አስካለ እንዲህ አታደርግም› አላለችሽም?»

«አላሉም።»

«ደግማ አልጠየቀችሽም? ‹እርግጠኛ ነሽ ወይ?› ብላ?»

የሚያሳስባቸው ውሸቴ ደካማ እንዳይሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ላስደስታቸው ፈለግሁ።

«አልጠየቁኝም፣ እትዬ» አልኳቸው በኩራት። «ወዲያው ነው ያመኑኝ።»

ውሃው እየፈሰሰ፣ ብርጭቆውን እንደያዙ ቆሙ። እኔም ፎጣዬን ዘርግቼ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ፣ እስኪያቀብሉኝ ጠበቅኳቸው።